ገንቦው በእጄ፣ ደወሉ ገና

እና አልለቅም፣ ጣቶቼ ቢደነዝዙም አልለቅም፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ እንግዲህ ዛሬ ሞኝ ልሁን፣ ለአስራ አራት ደቂቃ ሞኝ ብሆን ማን ይከሰኛል፣ ገንቦው የበረንዳው ብረት ላይ ተቀምጧል፣ እኔ ሁለቱን ጆሮዎቹን ይዣለሁ፣ አስራ ሁለት ሊትር ውሃ አለበት፣ ራሴ ነኝ በጣሳ እየቆጠርኩ የሞላሁት፣ ሰባተኛው ላይ ቁጥሩ ጠፋብኝና ደፍቼው እንደገና ጀመርኩ፣ አንገቱ ላይ ያለውን ቀይ ክርም ራሴ ነኝ ያሰርኩት፣ ሦስት ጊዜ ፈታሁት፣ አራተኛው አማረ። በዚህ ቤት እንዲህ ያማረ ክር ታስሮ አያውቅም። ይሄን የምለው እኔ ነኝ፣ ሌላ የሚለው ስለሌለ።

ለአምስት ሰዓት አስራ አራት ደቂቃ ጉዳይ፣ ታች መንገዱ ባዶ ነው፣ ፖሊሶቹ ገመድ ዘርግተዋል፣ ሕዝቡ ከገመዱ ወዲያና በሕንፃዎቹ ቅስቶች ሥር ታጭቋል፣ አንገቱን ወደ ላይ ቀልሶ፣ ስልኩን ደግኖ፣ ፊት ለፊት ያሉት በረንዳዎች ቀይ ጨርቅ ለብሰዋል፣ በየበረንዳው ገንቦ፣ ትንሹም ትልቁም፣ ዛሬ ቀዳም ሹር ነው፣ ጠዋት ደወሉ ተደውሎ ጌታ ተነሣ ሲባል የደሴታችን የኮርፉ ሰው ሁሉ ገንቦውን ከነውሃው ወደ መንገድ ይለቃል፣ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው፣ ከዚያ ሰዉ ገሉን እየተሻማ ይለቅማል፣ ገድ አለው ብሎ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፣ ከደወሉ በፊት ማንም አይለቅም። የሦስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። እኔም አምና አውቀው ነበር። የሚያናድደው እሱ ነው፣ አውቀው ነበር።

ናፍሲካ፣ ትከሻሽን ዝቅ አድርጊ። አክስቴ ኤቭየንያ ናት፣ የእናቴ ታላቅ፣ ከግራዬ ቆማለች፣ እሷም ገንቦ ይዛለች፣ የማር ማሰሮ የምታክል፣ ዓይኗ ግን ገንቦዋ ላይ አይደለም፣ እኔ ላይ ነው፣ ከነጋ ጀምሮ እኔ ላይ ነው፣ እሺ አክስቴ፣ ዝቅ አደረግኩ። ይሄ አስረኛው ነው። ዘጠኙን ግራ አንጓዬ ላይ በእስክሪቢቶ አስምሬያቸዋለሁ፣ አስረኛውን ማስመር አልቻልኩም፣ እጄ ተይዟል፣ በልቤ ልያዘው፣ በልቤ የያዝኩት ነገር ደግሞ የት እንደሚደርስ ይታወቃል።

ቆጠራው የሐኪሟ ነው፣ የዶክተር ኢዝሚኒ፣ ቢሮዋ የሚሽከረከር ወንበር አላት፣ የመጀመሪያ ቀን ገብቼ እሱ ላይ ተቀመጥኩ፣ የእሷ መሆኑ የገባኝ ሁለት ዙር ከተሽከረከርኩ በኋላ ነው፣ እሷ ምንም ሳትል ሌላ ወንበር ሳበች፣ ያኔ ነው የወደድኳት። ስምሽ በቀን ስንት ጊዜ ይጠራል አለችኝ፣ እንዴት ማለት፣ ለቁጣ ማለቴ ነው፣ ተቀመጪ ለማለት፣ ተይ ለማለት፣ አሁንም ረሳሽ ለማለት፣ እኔ እንጃ፣ እስቲ ቁጠሪው። አንድ ማክሰኞ ቆጠርኩት፣ ክንዴ ላይ እያሰመርኩ፣ ናፍሲካ ጫማሽን፣ ናፍሲካ መስኮቱን፣ ናፍሲካ ሰው እያናገረሽ ነው፣ ናፍሲካ ናፍሲካ ናፍሲካ፣ ማታ ስደምረው አርባ አንድ መጣ። በአንድ ማክሰኞ። ከአርባ አንዱ ሦስቱ የራሴ ነበሩ፣ እኔው ራሴን ስቆጣ፣ መታጠቢያ ቤት፣ መስታወት ፊት፣ በእናቴ ድምፅ።

ዶክተር ኢዝሚኒ ክንዴን ይዛ ብዙ አየችው፣ ከዚያ እንዲህ አለች፣ አየሽ፣ ሐሳብሽ መበተኑ፣ እግርሽ አርፎ አለመቀመጡ፣ እጅሽ ሐሳብሽን መቅደሙ፣ ይሄ አብሮሽ የተወለደ ነው፣ የትኩረት ማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ይባላል፣ ብዙ ልጆች አላቸው፣ ልጃገረዶች ላይ ደግሞ ቶሎ አይታወቅም። ቁጣሽ ግን አብሮሽ አልተወለደም። የብርዱን ወራት ሁሉ አልጋ ላይ መዋልሽም አብሮሽ አልተወለደም፣ እነዚህ በኋላ የመጡ እንግዶች ናቸው፣ በዚህ በአርባ አንዱ በኩል የገቡ። ሁሉም ልጅ ላይ እንዲህ ነው አልኳት። ሁሉም ላይ አይደለም፣ ብዙዎቹ ላይ ግን አይቻለሁ፣ ልጅ ቁጭ ማለት ሲያቅተው ይቆጡታል፣ ሲቆጡት ይቆጣል፣ ወይ ደግሞ ያዝናል፣ አንቺ ሁለቱንም ጎበዝ ነሽ። ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ፣ ከሳቅ ወደ ልቅሶ ስሄድ መሐል ላይ ማቆሚያ የለኝም። አክስቴ የሕመሙ ስም ሲነገራት ምን አለች፣ ይሄማ ድሮም ነበር፣ ስሙ ብልግና ነው።

አስራ አንድ ደቂቃ። እርግብ። አልኳት ሂጂ። ሄደች። ከወጥ ቤት የፋሲካው ጣፋጭ ዳቦ ይሸታል፣ ፎጋሳ፣ ብርቱካን ልጣጭ ገብቶበታል፣ አሁን ሄጄ አንድ ቁራሽ ብቻ፣ አይሆንም፣ እጅ የለኝም፣ እጅ አለመኖሩ እንዴት ጥሩ ነገር ነው።

አምና በዚህ ሰዓት፣ አምና ጠዋቱን ሁሉ ስሜ ሲጠራ ነው ያረፈደው፣ ቆጥሬው ቢሆን ክንዴ አይበቃም ነበር፣ ገንቦውን ሰጡኝ፣ ያዝኩ፣ ፊት ለፊት አንዲት ሴት ፀጉሯን ታስተካክላለች፣ ቀጥሎ አንድ ውሻ አየሁ፣ ቀጥሎ አሁን ቢለቀቅ ድምፁ ምን ይመስል ይሆን አልኩ። በቃ። ተለቀቀ። ሌላው ሰው በሐሳቡና በእጁ መካከል በር አለው፣ ቆም ብሎ ይከፍታል ይዘጋል፣ የእኔ ቤት መጋረጃ እንኳን የለውም። ለአምስት ሰዓት ስድስት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ፖሊሶቹ ገመዱን ገና እየዘረጉ ነበር፣ ከታች ደግሞ ባርባ ዜኖቭዮስ እያለፈ ነው፣ ባርባ ማለት እንግዲህ ለሽማግሌ ነው፣ ባጭሩ ባርባ ዜኖ ነው የምንለው፣ የሰፈራችን ባንድ ቱባ ነፊ፣ ያ ሰው የሚያክል የነሐስ ጡሩምባ፣ አርፍዶ ወደ ባንዱ ይሮጣል፣ ላባ ያለው የራስ ቁሩን በብብቱ ይዞ። ገንቦው አንድ እርምጃ ከኋላው ወደቀ። አንድ እርምጃ። ገሉ ተፈናጥሮ ቱባውን አጎደጎደው፣ እሱ ከራስ እስከ እግሩ ውሃ ሆኖ መንገዱ መሐል ቁጭ አለ፣ ቱባውን ታቅፎ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ጠየቀ፣ ተነሣ እንዴ። ጌታ ተነሣ እንዴ ማለቱ ነው። መንገዱ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ አልሳቅኩም። አንድ እርምጃ የሚለውን ነው ያየሁት፣ እስከ ዛሬ ማታ ማታ አየዋለሁ።

ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ መጣ፣ ከዚህ በረንዳ ሁለተኛ ከሰዓቱ በፊት ከተለቀቀ በረንዳው ይታገዳል፣ ኖኖ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ አያቴን ኖኖ ነው የምለው፣ እዚህ ደሴት ላይ አያት ሁሉ ኖኖ ነው፣ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ከዚህ በረንዳ ገንቦ ለቋል፣ ስልሳ ስድስት ፋሲካ፣ አንድም ቀን ቀድሞ አያውቅም፣ ደብዳቤው የእኔን ስም አልጻፈም፣ የእሱን ነው የጻፈው። ይሄ ነው ሆዴን የበላኝ።

ትምህርት ቤት ደግሞ ስም ወጣልኝ፣ ስድስት ጉዳይ። ስድስት ጉዳይ መጣች፣ ስድስት ጉዳይ ሰዓት ስንት ነው፣ ከበስተኋላ ቁጭ ብለው በጠረጴዛ ላይ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ፣ መስከረም ላይ ቻልኩት፣ ጥቅምት ላይ ቻልኩት፣ ኅዳር ላይ የሒሳብ አስተማሪው ጠራኝ፣ ተነሺ እስቲ ስድስት ጉዳይ አለኝ፣ እሱም፣ ለመወደድ ብሎ፣ ክፍሉ ሳቀ፣ ከዚያ ወንበሩ በረረ። እውነቴን ነው፣ ሲበር እኔም እንደ ማንኛውም ተመልካች ነው ያየሁት። ማንንም አልመታም፣ ሰሌዳውን ነው። ስምንት ቀን ተባረርኩ። ስምንቱ አልቆ ልሄድ ስል እግሬ እምቢ አለ፣ ቁጣው ሲበርድ ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ፣ አልጋ፣ ግድግዳ፣ አስራ አንድ ቀን ያልተበጠረ ፀጉር፣ እናቴ ወደ ዋናው መሬት በሚመላለሰው መርከብ ላይ ወጥ ሠሪ ናት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የምትመጣው፣ አልጋዬ ጫፍ ትቀመጣለች፣ ልጄ ንገሪኝ፣ ምን ልንገራት፣ ራሴን ጠላሁት ነው የሚባለው፣ ራሴን ጠላሁት። አልኩት። አንድ ጊዜ፣ ወደ ግድግዳው ዞሬ። እሷ ናት በማግስቱ ዶክተር ኢዝሚኒ ጋ የወሰደችኝ፣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር።

ዘጠኝ ደቂቃ።

ናፍሲካ፣ ወደ ታች አታጎንብሺ። አስራ አንድ።

አላጎነበስኩም፣ ባርባ ዜኖን ነው የማየው፣ እዛው ነው፣ ፊት ለፊት ቅስቱ ሥር ከባንዱ ጋር ቆሟል፣ ሌሎቹ ሙዚቀኞች የራስ ቁራቸውን በክንዳቸው አቅፈዋል፣ እሱ ብቻ አጥልቆት፣ ከአገጩ ሥር አስሮት፣ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሏል። ተረድቼዋለሁ፣ እኔም ብሆን አስረው ነበር። በጾሙ መጀመሪያ ቤቱ ሄጄ ነበር፣ ይቅርታ ልጠይቅ፣ ሙሉ ንግግር አጥንቼ፣ በሩን ሲከፍት ሁሉም ጠፋኝ፣ ባርባ ዜኖ፣ አምና የገደልኩህ እኔ ነኝ አልኩት፣ ምን እንደምል ሳላውቀው፣ እሱ ሳቁ መጣ፣ ግቢ ገዳይቱ አለኝ፣ ቱባውን አሳየኝ፣ ጉድጓዱ ብርቱካን ያህላል፣ አላስጠገነውም፣ ሃምሳ ዓመት ቱባ ስነፋ ማንም ስለ ቱባዬ ጠይቆኝ አያውቅም፣ አሁን ሰዉ ሁሉ ይጠይቀኛል አለኝ። ይሄን ሰው አንድ እርምጃ ነው ያተረፈው። እጄ ላብ አለው። ይዘዋል፣ ሁለቱም ይዘዋል።

ሰባት ደቂቃ። ኖኖ ከኋላዬ ነው፣ እግሩ መሬቱን ይመታል፣ ታክ ታክ ታክ፣ እሱም አርፎ አይቆምም፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው፣ ጠዋት ሙሉ ቤቱን ሲፈልገው ነበር፣ አናጢ ነበር፣ ዓሣ አጥማጅ ነበር፣ ቀለም ቀቢ ነበር፣ የአንዱንም ሥራ መጨረሻ አላየም፣ ዶክተር ኢዝሚኒ ይሄ ነገር በዘር ይሄዳል ስትል ኖኖ ወደ ጣሪያው አየ፣ እንደማያገባው። ግን እሱ ነው ያነሳኝ። ጥምቀት በዋለ በማግስቱ መጣ፣ በሁለት እጁ ሦስት ርካሽ ገንቦ አንጠልጥሎ፣ ምን ሆነሽ አላለም፣ ተነሺ ሥራ አለ አለ፣ የምን ሥራ፣ የመያዝ ሥራ። በረንዳው ላይ አቆመኝ፣ ውሃ የሞላ ገንቦ አስያዘኝ፣ ከኋላዬ የመዳብ ጎድጓዳ ሳህን አለው፣ የእንጨት ማንኪያ አለው፣ ሳህኑን ስመታ ትለቂያለሽ፣ ካልመታሁ አትለቂም፣ ታች ፍራሽ አንጥፌያለሁ። ፍራሹ ምንም አላዳነም። የመጀመሪያው ቅዳሜ በአስር ደቂቃ ሦስቱንም ጨረስኩ፣ አንዱን ኖኖ ሲያስነጥስ፣ አንዱን ሞተር ብስክሌት ሲያልፍ፣ አንዱን ያለ ምንም ምክንያት፣ ታች ያለችው ጎረቤት ያጠበችው አንሶላ በጭቃ ውሃ ራሰ። ኖኖ አልተቆጣም። የሚቀጥለው ቅዳሜ አራት ገንቦ ይዞ መጣ።

እና እንዴት ያታልላል። ያፏጫል፣ በር ያላትማል፣ ከኋላዬ ቀስ ብሎ መጥቶ የብረት ድስት ክዳን መሬት ላይ ይለቃል፣ አንድ ጊዜ በሙሉ ድምፁ ጌታ ተነሣ ብሎ ጮኸ፣ ገና በጾም፣ ኖኖ ኃጢአት ነው አልኩት፣ ለትምህርት ነው ይቅር ይለኛል አለ። ስሚ ልጄ፣ ደወል ማለት ጓ ብሎ ይቆያል፣ ክዳን ማለት ጯ ብሎ ይሞታል፣ ከመልቀቅሽ በፊት ይሞት እንደሆነ ጠብቂው። ጠብቂው። ይሞት እንደሆነ። መጋረጃ የሌለው ቤቴ ላይ ኖኖ ይሄን አንዲት ቃል ሰቀለልኝ፣ እና በጾሙ አራተኛ ቅዳሜ ሃያ ደቂቃ ያዝኩ፣ ክዳን ሰባት ጊዜ ወደቀ፣ እኔ አልለቀቅኩም፣ ኖኖ የመዳቡን ሳህን መምታት ረስቶ ቆሞ ያየኛል፣ ኖኖ ምታው እንጂ ክንዴ ተቆረጠ፣ አልመታም፣ ይህችን አትስበሪያት አለ፣ ይህች የዓመቱ ናት። ያቺ ገንቦ አሁን የያዝኳት ናት። እኮራለሁ። ዝም ብዬ እኮራለሁ፣ ማንም ባያውቅ።

ስድስት ጉዳይ።

አሁን ነው፣ አምና አሁን ነው፣ ጣቶቼ እዚህ ቦታ ላይ ነበር የከዱኝ፣ ይሄን ደቂቃ እንዳልተነፍስ፣ ተንፍሺ እንጂ ምን ያስፈራል፣ ሕዝቡ ውስጥ አንዱ ይጮኻል፣ ስድስት ጉዳይ፣ ሰዓቱን ነው የሚናገረው ወይስ እኔን፣ አላውቅም፣ ማወቅ የለብኝም፣ ይሳቅ፣ ያፏጭ፣ ውሻ አለ፣ ፀጉሯን የምታስተካክል ሴትም አለች፣ ዘንድሮም እዛው፣ ይቺ ሴት ፀጉሯ መቼ ነው የሚስተካከለው፣ አሁን ቢለቀቅ ድምፁ ምን ይመስል ይሆን፣ ይኸው መጣ ሐሳቡ፣ ያው ራሱ፣ ደህና መጣህ፣ እዛ ጋ ቁም።

አምስት ጉዳይ። አለፈ። አቦ አለፈ፣ ይሄን ደቂቃ ገንቦ ይዤ አይቼው አላውቅም፣ አዲስ ደቂቃ ነው፣ ፀሐዩ እንኳን ሌላ ነው፣ ሁሉም ሰው በየዓመቱ እዚህ ደቂቃ ውስጥ ይቆማል፣ ምንም አይመስለውም፣ እኔ ብቻ ነኝ እንደ እንግዳ ግድግዳውን የማየው።

ናፍሲካ፣ ጠበቅ አድርጊ እንጂ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አስራ ሁለት። ተረቷን ዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ ተረተችው። አክስቴ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ይሄን ማለት አለብኝ፣ ዘንድሮ ገንቦውን ለእኔ አትስጣት ብላ ኖኖን ለምናው ነበር፣ አባዬ ስምህን ታጠፋዋለች፣ እኔ በሩ ጀርባ ሆኜ ሰማሁ፣ ኖኖ ስሜ የራሴ ነው ላጥፋው አለ። ፈርታ ነው፣ ፍርሃቷ በእኔ ስም ነው የሚወጣው። የእሷ ገንቦ በጣቷ ጫፍ ነው የተያዘው፣ አላየችውም፣ ልንገራት ይሆን፣ ብነግራት ናፍሲካ አንቺ የራስሽን ያዢ ነው የምትለኝ፣ እና ይቅር።

አራት። ሕዝቡ ጸጥ እያለ ነው። ሦስት። የባርባ ዜኖ ላባ ነፋስ ያወዛውዘዋል፣ ዓይኑ እኔ ላይ ነው፣ የእኔ ዓይን እሱ ላይ ነው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በልልኝ ባርባ፣ አለልኝ፣ ቅስቱ ሥር ገባ፣ ተግባብተናል።

ጯ።

ከባንዱ መሐል ነው፣ አንዱ ሙዚቀኛ የሚያጋጨው የነሐስ ሳህን ከእጁ አምልጦ ድንጋዩ ላይ፣ ሕዝቡ ኦኦኦ አለ፣ መላ ሰውነቴ ብድግ አለ፣ እጆቼ ግን፣ እጆቼ ቆዩ፣ ጠብቂው፣ ይሞት እንደሆነ፣ ሞተ። ክዳን ነው። ክዳን ነው ኖኖ፣ ደወል አይደለም፣ ልለው አፌን ስከፍት ከታች ከሽ ብሎ ሸክላ ተሰበረ፣ ውሃ ተረጨ፣ መንገዱ ላይ፣ ባዶው መንገድ ላይ፣ እና

ናፍሲካ። ናፍሲካ። ናፍሲካ። ከፊት ለፊት በረንዳ፣ ከታች፣ ፖሊሱ ፊሽካውን ነፍቶ ጣቱን ወደ እኛ፣ ያቺ ልጅ ዘንድሮም፣ ስድስት ጉዳይ ናት፣ አክስቴ ጆሮዬ ሥር ናፍሲካ ብላ ጮኸች፣ እና ከኋላዬ የኖኖ እጅ ትከሻዬን ጨመደደ፣ ኖኖም፣ ኖኖም ናፍሲካ አለ፣ በዚያ ድምፅ፣ በአርባ አንዱ ድምፅ።

ገንቦው እጄ ላይ ነው።

ገንቦው እጄ ላይ ነው እኮ፣ እዩኝ፣ ማንም አያይም፣ ሁሉም ታች ገሉን ነው የሚያየው፣ ከሆዴ ተነሣ፣ አወቅኩት፣ ወንበሩን ያበረረው ቁጣ ነው፣ ደረቴ ደረሰ፣ ጆሮዬ ተዘጋ፣ ልወርውረው፣ ልክ አሁን፣ ካልቀረ ስሜ ተጠርቷል፣ ካልቀረ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እንግዲያው ላጥፋው፣ ምን ይቀርብኛል፣ ፊታቸው ላይ፣ ፖሊሱ ላይ፣ ኖኖ አንተም። አንተም ኖኖ። የገንቦው አፍ ላይ ውሃው ይንቀጠቀጣል። ክንዴ ነው የሚያንቀጠቅጠው። ውሃውን አያለሁ፣ ውሃውን ብቻ፣ አምና እጄ ነበር የከዳኝ፣ አሁን እጄ ደህና ነው፣ የሚከዳኝ ይሄ ነው፣ በኋላ የመጣው እንግዳ፣ አንተን ጠብቂው አላሉኝም፣ ለአንተ ልምምድ አልነበረም፣ ግን ጠብቂው ማለት ጠብቂው ነው፣ ይሞት እንደሆነ። ውሃው ክብ ክብ ይሠራል። ያንሳል። ገና አለ። ያንሳል። ገና አልሞተም፣ እየሞተ ነው።

ከታች አንድ ወፍራም ድምፅ፣ እሷ አይደለችም። ባርባ ዜኖ ነው፣ ከቅስቱ ወጥቶ የራስ ቁሩን አውልቆ ያወዛውዛል፣ ልጅቷ አይደለችም፣ ከዚህ ዓይኔን አልነቀልኩም እኮ፣ ልጅቷ ይዛለች፣ አታዩም እንዴ ይዛለች፣ ኧረ ፊሽካህን አቁም አንተ ሰውዬ። እና አንገቶቹ ሁሉ ቀና አሉ፣ ትልቁ ገንቦ ከነቀይ ክሩ፣ እኔ ከነእጄ። ሳቅ ተነሣ፣ ከዚያ ጭብጨባ፣ እኔ ግን ወደ ግራዬ ነው የዞርኩት።

አክስቴ እጆቿን ታያለች። ባዶ ናቸው። እኔን ስትጠብቅ ደወሉን መጠበቅ ረሳች፣ ዓመት ሙሉ ዓይኗ እኔ ላይ ስለነበር ገንቦዋ ብቻዋን ወጣች፣ ስሜን የጠራችው የራሷ እጅ ባዶ ሆኖ ነው፣ ፊቷ አመድ መስሏል፣ ይሄን ፊት አውቀዋለሁ፣ አምና መስታወት ውስጥ ያየሁት ፊት ነው። ምላሴ ላይ ተረቱ ተቀምጧል፣ የቸኮለ አፍሶ፣ ሙሉውን፣ ከነጣዕሙ፣ ዓመት ሙሉ የበላሁትን ልመልስላት፣ ማንም አይፈርድብኝም፣ ደግሞ እንዴት ያምር ነበር።

ዋጥኩት።

ገንቦ ነው አክስቴ፣ ሰው አይደለም። ታች ማንም አልነበረም፣ አይቻለሁ፣ መንገዱ ባዶ ነበር። ይሄን አምና የሚለኝ ሰው አልነበረም፣ አምናስ እውነትም አይሆንም ነበር፣ ለእሷ ግን እውነት ነው፣ እና ስናገረው ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፣ ከገንቦው ይልቅ በዚህ ኮራሁ፣ እውነቴን ነው፣ በዚህ ነው የኮራሁት።

የኖኖ እጅ ትከሻዬን ለቀቀ፣ ከዚያ ተመልሶ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ማሟሻ፣ ልጄ አለኝ፣ እኔም ዞሬ አላየሁትም፣ ካየሁት አለቅሳለሁ፣ የሚያለቅስ ሰው ገንቦ አይይዝም። ደብዳቤው ይመጣል አይደል ኖኖ፣ ይምጣ፣ በረንዳው ይታገዳል፣ ይታገድ፣ ዘንድሮ ለደብዳቤው የምትመልሰው ኤቭየንያ ናት አለ፣ አክስቴ በልቅሶ መሐል ሳቀች። እንግዲያው ከዚህ በረንዳ የሚለቀቀው የመጨረሻው ገንቦ ይሄ ሊሆን ይችላል፣ ስልሳ ሰባተኛው፣ በእኔ እጅ። ቢሆንም በሰዓቱ ነው የሚለቀቀው።

አንድ ደቂቃ ይሁን ግማሽ አላውቅም፣ ሰዓቱን አጣሁት፣ ግን ምን ላድርገው፣ ሰዓቱን አይደለም የምጠብቀው።

ናፍሲካ። አክስቴ ናት፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከኋላው ምንም የለውም፣ ትከሻሽን የለውም፣ ተይ የለውም፣ ስሜ ብቻ ነው፣ ይሄን የት ላስምረው፣ ግራ እጄ ሞልቷል፣ ቀኝ አንጓዬ ንጹሕ ነው፣ እዛ ላይ አሰምረው ነበር፣ አንደኛ ብዬ፣ ግን ሁለቱም እጆቼ

ጓ።

ጠብቂው። ጓ ይላል፣ ይቆያል፣ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ይቆያል፣ አይሞትም፣ ከሌላው ደብር ሌላ ደወል ተቀበለው፣ ከወደቡ መርከቦቹ ጮኹ፣ ከአንዱ ላይ እናቴ አለች፣ በረንዳዎቹ ሁሉ መልቀቅ ጀምረዋል፣ ውሃና ሸክላ ከሰማይ ይወርዳል፣ እኔ ወደ ታች አያለሁ፣ ከገንቦዬ ሥር መንገዱ ባዶ ነው፣ ፖሊሱ ከገመዱ ወዲያ ነው፣ ባርባ ዜኖ ቅስቱ ሥር ነው፣ ራሱ ላይ ምንም አላጠለቀም፣ አንድ፣ አሁን ቢለቀቅ ድምፁ ምን ይመስል ይሆን፣ ና ሐሳቤ፣ ግባ፣ አብረን እንየው።

ሁለቱም እጆቼ ባዶ ናቸው።